ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያቃተውን ልጅ እንግሊዝኛ ከየት እንጀምርለት?

2017 ላይ ነው። ራሴን አሞኝ በእረፍት ሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ከቦርሳው ክኒን አውጥቶ ሰጠኝ። «ቲቸር፣ ይሄን ይዋጡ፣ እናቴ የምትወስደው ነው።» ገልብጬ ሳየው 03/2024 ይላል። «ይሄማ ጊዜው አልፏል» ስለው ሳቀብኝ። «ኧረ ቲቸር! ገና ሰባት ዓመት አለው።»

ልጁ ሂሳብ አልሳተም። ከ2024 ላይ 2017 ሲቀነስ ሰባት ነው። ከቁጥሩ ፊት ያሉት ሦስት ፊደላት፣ ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ፣ «ጊዜው የሚያልፍበት» እንደሚሉ ነው ያላወቀው። ዓመቱ የፈረንጅ መሆኑንም ማንም አልነገረውም። ደብተሩን ብታዩት ደግሞ ትገረማላችሁ፣ የእጅ ጽሑፉ ከእኔ ይሻላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሲገለብጥ ነው የኖረው። የገለበጥከውን አንብብ ስትሉት ነው ጉዱ የሚወጣው።

የማስተምረው አዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ነው። ክፍሌ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ልጅ አለ፣ የገበሬ ልጅ አለ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ አክስቱ ጋ ተጠግቶ የሚማር አለ። መስማት የሚከብዳት አለች፣ ማየት የሚቸግረው አለ፣ ፊደል የሚገለባበጥበት አለ፣ አሥር ደቂቃ መቀመጥ የማይችልም አለ። ለሁሉም የሚሰጠው መጽሐፍ አንድ ነው፤ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመራቂ አይደለሁም። የምጽፈው ከልዩ ፍላጎት ባልደረባዬ የለቀምኩትን፣ ሞክሬ የሠራልኝን፣ ያበላሸሁትንም ጨምሮ ነው።

መጀመሪያ ዐይንና ጆሮ

«ሰነፍ ነው» ከማለታችሁ በፊት ለልጁ አሥር ደቂቃ ስጡት። ከክፍል ውጪ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሌላ ልጅ በሌለበት። ፈተና ነው አትበሉት።

ዐይኑን እዩ። ካርቶን ላይ የእንግሊዝኛዋን ትልቋን ኢ ጻፉ፣ 6 ሜትር ራቁ፣ ከዚያ ካርቶኑን ወደ ላይ ወደ ታች ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ የፊደሏ እግሮች ወዴት እንደዞሩ በጣቱ ያሳያችሁ፣ አንዱን ዐይን ሸፍኖ፣ ቀጥሎም ሌላኛውን። ፊደል ማወቅ አያስፈልገውም። ይሄ ምርመራ አይደለም፣ ጓደኞቹ የሚያዩትን እሱ ካላየ ግን ጤና ጣቢያ መላክ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። እኔ «አይከታተልም» ብዬ ለአንድ ሴሚስተር የተቆጣሁት ልጅ መነጽር ብቻ ነበር የጎደለው።

ለጆሮው ከኋላው ቆማችሁ ስሙን ቀስ ብላችሁ ጥሩት። ከጆሮው ፈሳሽ ይወጣ እንደሆነም ጠይቁ። ልጆች ይሄን ሳይጠየቁ አይናገሩም፣ ያፍራሉ።

ቀጥሎ በአማርኛ ግማሽ ገጽ አስነብቡት። ይህቺን ብዙ አስተማሪ ይዘላታል፣ ለእኔ ግን ዋናዋ ነች። አማርኛው እየፈሰሰለት እንግሊዝኛው ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ያልተማረው ነገር ስላለ ይሆናል፣ መማር ነው መፍትሔው። በአማርኛውም ፊደል በፊደል እየቆጠረ የሚሄድ ከሆነ፣ ትናንት ያወቃት ቃል ዛሬ የምትጠፋበት ከሆነ፣ በቃል ስትጠይቁት ግን ከሁሉም የተሻለ የሚያስረዳ ከሆነ፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ሊሆን ይችላል። ስሙን እናንተ አትለጥፉበት። የልዩ ፍላጎት መምህሩን ጥሩ፣ እናንተ ግን ትምህርቱን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ስም እስኪወጣለት የሚጠበቅ ነገር የለም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ካለ በእሱ አስነብቡት። አንዴ ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፍኩና አንዷን ልጅ አስነበብኳት። «ጫት» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ ግን በትክክል ነው ያነበበችው! አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ ሲ ማለት ጭ ነው፣ ኤክስ ማለት ጥ ነው። ቦክስ የሚለውን «ቦጥ» ብትል አይፈረድባትም። እንዲህ ያለች ልጅ ፊደሉን አስቀድማ ታውቃለች፣ የሚቀራት የትኞቹ ፊደላት እንግሊዝኛ ውስጥ ድምፅ እንደሚቀይሩ ማወቅ ብቻ ነው። ሁለት አምድ ሠርታችሁ ሲ፣ ኤክስ፣ ኪው እያላችሁ የቁቤውን ድምፅ በግራ የእንግሊዝኛውን በቀኝ ጻፉላት። እኔ ጋ በሁለት ሳምንት አለቀላት።

ቆርኪ

ፊደላችን እና የእንግሊዝኛው አሠራራቸው ይለያያል። እኛ ካ ብለን አንድ ፊደል እንጽፋለን፤ ውስጡ ግን ክ እና አ አሉ። እንግሊዝኛው ሁለቱን ለያይቶ ይጽፋቸዋል። 231 ፊደል ከእነ ቤቱ የለየ ልጅ 26 ፊደል የሚከብደው በብዛቱ አይደለም፣ ድምፅ መነጣጠል ስላልለመደ ነው። ስለዚህ ሳድሱን ተጠቀሙበት። ብ፣ ክ፣ ት፣ ም፣ ስ በሉት። የእንግሊዝኛ ተነባቢ ከሞላ ጎደል ሳድስ ነው። አናባቢው ብቻውን ይመጣል።

የፊደሉን ስም ለጊዜው ተዉት። ልጁ «ቢ፣ ኤ፣ ጂ» እያለ እስከ ማታ ቢደጋግም ባግ አይወጣለትም። «ብ፣ አ፣ ግ» ካለ ግን ሦስተኛው ላይ ፊቱ ይበራል። በድምፅ መጀመር እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም፤ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ዘሚ የኑስም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን ዘዴ በፊደላችን ድምፆች ላይ ነው የገነቡት።

ከሱቅ በር ላይ የለስላሳ ቆርኪ ልቀሙ። ሃያ ይበቃል። አንድ ድምፅ፣ አንድ ቆርኪ። ባግ ስትሉ ልጁ ሦስት ቆርኪ ወደፊት ይገፋል፣ አንድ በአንድ፣ ድምፁን እያወጣ። ከዚያ ጣቱን በሦስቱም ላይ እያሳለፈ ያገናኛቸዋል። ቀጥሎ ሺፕ በሉት። አሁንም ሦስት ይገፋል። ከዚያ ቃሉን ጻፉለት፤ አራት ፊደል ነው። ይቆማል፣ ቆርኪውን ያያል፣ ፊደሉን ያያል። ዝም በሉ። የመጀመሪያው ልጅ ላይ እኔ መቻል አቅቶኝ ነገርኩት፣ ሁለተኛው ላይ ታገስኩ፣ እሱም ራሱ «ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚጮኹት ቲቸር» አለኝ። ኤስ እና ኤችን አንድ ቆርኪ ላይ በማርከር ጻፍንላቸው። ያ ልጅ ሽ የሚለውን ድምፅ ከዚያ በኋላ አልሳተም።

ሌላዋ አስቸጋሪ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠዋ ዝምተኛዋ ኢ ነች። ራሷ አትናገርም፣ ከፊት ያለችውን አናባቢ ግን ስሟን ታስጠራታለች። ማድ የነበረው ሜድ ይሆናል፣ ፒን የነበረው ፓይን። በእጃችሁ ሸፍኑ፣ ግለጡ፣ ሸፍኑ፣ ግለጡ። በጣም ይወዷታል።

ቢ እና ዲ ለሚገለባበጡበት ልጅ፦ ሁለት እጁን ጨብጦ አውራ ጣቶቹን ወደ ላይ ይቀስር፣ ከዚያ ጭብጦቹን ያጋጥማቸው። አልጋ ይመስላል። የግራው ቢ ነው፣ የቀኙ ዲ፣ ቃሉም ቤድ ነው። ፈተና ላይ ዴስክ ሥር እያደረገ ያየዋል፣ ኩረጃ አይባልም።

ደግሞ የ16 ዓመት ጎረምሳ ፊት «ኤ ፎር አፕል» አትበሉ። የሕፃን መጽሐፍ አታምጡለት። የልጁን ሥራ ጠይቁት። አንዱ ቅዳሜና እሑድ ጋራዥ ይሠራል። ጋራዥ ውስጥ ቡሎን እና ክሪክ እንጂ ቦልት እና ጃክ የሚል የለም፤ የዕቃው ካርቶን ላይ ግን በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ጃክ፣ ቦልት፣ ፓምፕ። አጫጭር ናቸው፣ እንደ ተጻፉ ይነበባሉ፣ የሱም ናቸው። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል። ሃያ የሰጠሁ ጊዜ አምስቱንም አጣሁ።

«እስኩል»፣ «እስቶፕ» ካሉ ተዉአቸው። ገና ማንበብ የጀመረን ልጅ በአነጋገሩ ማረም በእኔ አስተያየት ጊዜ ማባከን ነው።

ያበላሸሁት

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ አስነሣሁና አንብብ አልኩት። ቆመ። መጽሐፉን አተኩሮ አየ። ከኋላ አንዱ ኪክ ብሎ ሳቀ። ልጁ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘግቶ ተቀመጠ፣ በማግስቱ አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። በኋላ ሲኖትራክ ላይ ረዳት ሆኖ መንገድ ላይ አየሁት። በእጁ ሰላም አለኝ፣ አልተቀየመኝም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያሳመመኝ።

አሁን ጮክ ብሎ እንዲነበብ ስፈልግ ለልጁ ከአንድ ቀን በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር እሰጠዋለሁ። «ነገ ይህቺ ያንተ ነች» እለዋለሁ። ቤቱ ሲለማመዳት ያድራል። ክፍል ውስጥ ማንም ይሄን አያውቅም።

የጫማ ካርቶኑ

ከሰሌዳው አጠገብ የጫማ ካርቶን አለኝ። ባዶ የመድኃኒት ካርቶን፣ የዘይት ጀሪካን ወረቀት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ፣ የባንክ ፎርም፣ በስልክ ያነሣኋቸው የመንገድ ጽሑፎች አሉበት። ልጆቹ ራሳቸው ያመጣሉ። በሳምንት አንድ ወረቀት እናወጣለን። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ወረቀት ምን አድርግ ነው የሚለኝ?» ሁሉንም ቃል ማንበብ የለባቸውም። ቁጥሩን ፈልጉ፣ የምታውቁትን ቃል ፈልጉ፣ ከዚያ ገምቱ።

መድኃኒት ላይ ብዙ ቆይተናል፣ ይገባዋልም። መጀመሪያ ዓመቱ። ደንቡን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈነዋል፦ ከጃንዩዋሪ ጀምሮ የእኛ እንቁጣጣሽ እስኪገባ 8 ቀንስ፣ ከገባ በኋላ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንስ። ያ 03/2024 የሚለው መጋቢት 2016 አካባቢ ማለት ነው። ክኒኑ አንድ ዓመት ገደማ አልፎበት ነበር። ቀጥሎ ዋንስ፣ ቱዋይስ፣ ስሪ ታይምስ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዋንስ እንደ ተጻፈ አይነበብም፣ ስለዚህ ቆርኪ አያዋጣም፤ ቃሉ እንዳለ እንደ ሥዕል ይያዝ። ሼክ ዌል የሚለው ጊዜ ጠርሙስ ይዘን አናወጥን። ሰዓቱም አለ። 8 ኤኤም ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የፈረንጁንና የእኛን ሰዓት ጎን ለጎን ሥሉ፣ ስድስት ቁጥር ልዩነቱን ራሳቸው ያግኙት።

የባንክ መልእክት ሌላው ነው። ክሬዲትድ ገባ፣ ዴቢትድ ወጣ፣ ባላንስ የቀረው። ሦስት ቃል። አንዷ ተማሪ እናቷ እንጀራ ትሸጣለች፣ የከፈለው ሰው ስልኩን ዘርግቶ «ልኬያለሁ» ሲላት አምና ትሰጣለች። አሁን ልጅቷ የእናቷን ስልክ ራሱን ከፍታ ታያለች፣ መልእክቱ ገብቷል ወይ፣ ላኪው ማነው፣ የቴሌብር ከሆነ 127 ይላል ወይ ብላ። የእውነተኛ ሰው መልእክት ወደ ክፍል ስታመጡ የሒሳብ ቁጥሩንና ቀሪውን አጥፉ። የሚስጥር ቁጥር ደግሞ ለቲቸርም አይነገርም፣ ይሄን ደጋግማችሁ በሉ።

ፎርም። ፉል ኔም፣ ዴት ኦፍ በርዝ፣ ሲግኔቸር። ሴክስ የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ይሳቃል፤ አንድ ደቂቃ ስጧቸው፣ ይውጣላቸው፣ ከዚያ ቀጥሉ። ከሁሉም በላይ ስማቸውን አለማምዷቸው። የራስ፣ የአባት፣ የአያት። አንድ ስም በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ አንዱ ኤች ይጨምራል፣ አንዱ ኢ ይደግማል፣ ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ካርዱና መታወቂያው አልገናኝ ይላል። ሰነዱ ላይ ያለውን አይተው፣ ሌላ ሰነድ ከሌለ ከወላጅ ጋር ተስማምተው፣ አንዱን መርጠው በትንሽ ካርድ ላይ ይጻፉትና ኪሳቸው ያኑሩት። ከዚያ ካርድ እያዩ እስኪሰለቻቸው ይገልብጡ። መገልበጥ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

መስማት ለተሳናት፣ ለማያይ፣ ዝም ብሎ ለማይቀመጥ

ከላይ ያልኩት የድምፅና የቆርኪ ነገር መስማት ለተሳናት ልጅ አይሠራም። ለእሷ የመጀመሪያ ቋንቋዋ ምልክት ቋንቋ ነው፣ አማርኛው ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፣ አማርኛ በእጅ ሲነገር ማለት አይደለም። ስለዚህ ሥዕል፣ ምልክት፣ የተጻፈ ቃል፣ ሦስቱን በአንድ ካርድ አድርጉ። ቃሉን በጣት ፊደል ትጻፈው። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አታውሩ፣ ጀርባችሁ አይነበብም። እኔ የማውቀው ምልክት ከሃምሳ አይበልጥም፣ አብዛኛውን ያስተማረችኝ ተማሪዋ ነች፤ እኔን ስታርመኝ ክፍሉ ሁሉ ተማረ።

የማያይ ልጅ ካላችሁ «እዚህ ጋ ያለው» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡት። ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን እየጻፋችሁ በሉት። ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ ከሆነ ብሬይሉን ይዞት ነው የሚመጣው፤ ከእናንተ የሚፈልገው ጽሑፉን ቀደም ብሎ ማግኘት ነው፣ ከትምህርቱ በኋላ ሳይሆን። የአንድሮይድ ስልክ ካለው ቶክባክን አብሩለት፣ መልእክቱን ራሱ ያነብለታል። ለእሱ የሰው ዐይን ሳይዋስ የባንክ መልእክት ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በጥቂቱ ለሚያይ ደግሞ ወፍራም ጥቁር ማርከር እና የመጀመሪያ ረድፍ።

ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ የክፍለ ጊዜው ቅደም ተከተል በየቀኑ አንድ ይሁን፣ በሥዕል ዴስኩ ላይ ይለጠፍ። ቁጭ ማለት የማይችለውን ጠመኔ እንዲያመጣ ላኩት፣ ሰሌዳ ያጥፋ፣ ቆርኪ ያድል።

ስልሳ ልጅ ሲሆንስ?

እንደሱ ነው። ፈረቃ፣ አርባ ደቂቃ፣ ስልሳ ልጅ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ ውሰዱ። ሌላው ከመጽሐፉ ሲሠራ እናንተ ከአራት ልጆች ጋር ቆርኪ ላይ ትሆናላችሁ፣ ነገ ከሌሎች አራት ጋር። የጫማ ካርቶኑን ግን ከክፍሉ ሁሉ ጋር ሥሩት፤ የክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋም መድኃኒት ላይ ያለውን ዓመት አታውቅም ነበር፣ ስለዚህ ማንም ተለይቶ አይታይም። አንድ ለአምስት ቡድን ውስጥ ስታስገቡት ተጠንቀቁ፣ ሁልጊዜ ገልባጭ ነው የሚሆነው። ሌላ ሥራ ስጡት። ቁጥር ፈላጊው እሱ ይሁን።

ለፈተና አንባቢ ወይም ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ካለ ለዩኒት ሊደሩ በጽሑፍ፣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የፈተናው ጠዋት ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው።

ወላጅ ስትጠሩ በክስ አትጀምሩ። የዚያ የክኒኑ ልጅ እናት መጥተው ገና ሳይቀመጡ «መምህር፣ ልጄ ደደብ ነው ወይ? ጸበልም ወስጄዋለሁ» አሉኝ። «አይደለም እናቴ፣ ይቀመጡ» ብዬ ደብተሩን ከማሳየቴ በፊት ቆርኪውን አሳየኋቸው። ጸበሉን አልነካሁትም፣ ምን አገባኝ። «ማታ ማታ ከሱቅ የሚያመጡት ዕቃ ላይ ያለውን አንድ ቃል ያንብብልዎ፣ ቢሳሳትም አይቆጡት» ብቻ አልኳቸው። ማንበብ አይችሉም እሳቸው። ግን መስማት ይችላሉ።

ለውጥ መኖሩን በማርክ አልለካም። በየወሩ አይቶት የማያውቀውን ወረቀት እሰጠውና ምን አድርግ እንደሚለው እጠይቀዋለሁ፣ መልሱን በካርድ እይዛለሁ። ባለፈው ሳምንት ለዚያው ልጅ የሽሮፕ ካርቶን ሰጠሁት። ብዙ ቆየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ይሄዳል። ከዚያ ባዶውን ካርቶን ጆሮው አጠገብ አድርጎ አናወጠው። «ይሄ ይናወጣል ቲቸር። በቀን ሁለቴ።» ወደ ዓመቱ ሄደ፤ 05/2027። «2020» አለ። ሰባት ቀንሷል፣ ስምንት ነበር። ካርዱ ላይ ሁለት ከሦስት ጻፍኩ፣ ሰኞ ዓመቱን እንደገና እናየዋለን።